ቅቤ የተቀባችው ኤሊ

አትጠገብ የኤሊዋን ጀርባ በአመድ ብትፈትግ ብትፈትግ ቅቤው አልለቅ አላት። ጠዋት ስትቀባት እንዴት ደስ ብሏት ነበር! አሁን የኮምቦልቻ ፀሐይ መሃል አናት ላይ ወጥቷል፤ ቅቤው ቀልጦ በቅርፊቷ ስንጥቅ ገብቷል፤ ጉንዳኑም ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ተሰልፎ ይወጣባታል።

ኤሊዋ የጣሊያኑ ካፒቴን ንብረት ናት። አትጠገብም የካፒቴኑ ገረድ ናት። ባሏን ሞላን፣ ለአርበኞች ስንቅ አቀብለሃል ብለው ደሴ ካሰሩት አራት ወሩ። ካፒቴኑ ወደ አስመራ ሲሄድ በአስተርጓሚ ጠራትና፣ «ኤሊዬን ደህና አድርገሽ ከጠበቅሽልኝ፣ ስመለስ ስለ ባልሽ አንድ ቃል እናገራለሁ» አላት። አንድ ቃል! እሷ ምስኪን በዚያች አንድ ቃል ሃያ ቀን ኖረች። ዛሬ ይመለሳል።

የግቢው አትክልተኛ አባ በሺር ባልዲያቸውን እንዳንጠለጠሉ መጥተው ቆሙ።

«ምን አድርገሻት ነው?»

«ቅቤ ቀባኋት፣ አባ። መብላት ከተወች ሦስት ቀኗ። ሙቀቱ አናቷን መትቷት ይሆናል ብዬ ነው። ሰው ፀሐይ ሲመታው አናቱ ላይ ቅቤ ይደረግለት የለም እንዴ?»

«ላኢላሀ ኢለላህ! ይሄ እኮ አጥንት ነው፣ ልጄ። ቅቤው ጠበሳት።» ጎንበስ ብለው ገመዱን አነሱ። አንዱ ጫፍ በቅርፊቷ ጠርዝ በተበሳው ቀዳዳ ገብቷል፤ ሌላው በግቢው መሃል ከተተከለው ችካል ታስሯል። «ይሄንንስ ማን አሳጠረው?»

«እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ ገመዱ እስከ ፓፓያው ጥላ ይደርስ ነበር። አንድ ቀን ግን ኤሊዋ ጥላው ስር አፈር ምሳ ገባችና አትጠገብ ፈልጋ አጣቻት። ያን ጊዜ ሞላን በገዛ እጇ የገደለችው መሰላት። አፈሩን በጥፍሯ ቧጥጣ አወጣቻት፤ ከዚያ ወዲያ ከአንድ ክንድ በላይ አላራቀቻትም።

«ኤሊ ሙቀት ሲበዛባት እንደዚያ ነው የምታደርግ» አሉ አባ በሺር። «ጥላና ትንሽ ውሃ ካገኘች ወላሂ ምንም አትሆንም። ምነው ብትጠይቂኝ?»

አትጠገብ አመዱን ከእጇ አራገፈች። የደሴ ሆጤ ልጅ ናት፤ የዚያን ብርድ እንጂ የዚህን አገር ሙቀት ከየት ታውቀዋለች? ደግሞስ ማን የማን ጆሮ እንደሆነ በማይታወቅበት ዘመን ማን ማንን ይጠይቃል? እሳቸውንም ፈርታቸው ነበር።

ሽማግሌው ገመዱን ፈቱና ኤሊዋን ጥላ ውስጥ አስቀምጠው ውሃ በእፍኛቸው አፈሰሱላት። አንገቷ ተዝለፍልፎ ወጣ። የዓይኗን ቆብ በጣታቸው ነኩት፤ አልተርገበገበም፤ ከዚያ እጃቸውን በኩታቸው ጠረጉ።

«ሌላ ይፈልጉልኝ! በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር አይጠፋም!» አለች አትጠገብ።

አባ በሺር፣ ካፒቴኑ በቀይ ቀለም ቅርፊቷ ላይ የጻፈውን ስሙን ብቻ በጣታቸው አሳዩዋት። ወዲያው የመኪና ጥሩንባ ከበሩ ተሰማ።

አትጠገብ ኤሊዋን ወደ ችካሉ መልሳ አሰረቻት። አንገቷን በአውራ ጣቷ ገፍታ ወደ ውስጥ ከተተችው፤ እግሮቿንም አንድ በአንድ። ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች።

ካፒቴኑ ጓዙ እንኳ ሳይወርድ እየሳቀ መጣ። ዓይኑ ኤሊዋ ላይ እንጂ አትጠገብ ላይ አልነበረም። ቁጢጥ ብሎ እንደ ልማዱ ቅርፊቷን በጣቱ አንኳኳ፤ ሦስት ጊዜ፣ የሰው በር እንደሚንኳኳ። ከዚያ ራሷን እስክታወጣለት ጠበቀ።

አትጠገብም፣ እያወቀች፣ አብራው ጠበቀች።