ቁልፉ አጠገብ የነበረው ሰም

"ቁልፉን ተውልኝና ሐሙስ ና..."

መካኒኩ ጋሽ ሙዘይን ግሪስ የለበሰ እጃቸውን ዘረጉ።

ሲሞን ቁልፉን ሰጣቸው... ልቡን ግን አልሰጣቸውም።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ 1972 ዓ.ም። ሰው ከገዛ ወንድሙ ጋር ሲያወራ እንኳ ዞር ዞር ብሎ የሚያይበት ጊዜ።

ሲሞን የመንግሥት ሠራተኛ ነው። አገር ለቆ የወጣ ፈረንጅ የሸጠለት ፊያት አለችው... ከነቄንጠኛ የጎማ ቸርኬዋ! ሾላ ገበያን ስታቋርጥ ሰው የሚያየው መኪናዋን ሳይሆን ቸርኬዋን ነበር።

ምን ዋጋ አለው... ፍሬን የላትም።

ባለፈው ቅዳሜ አራት ሰው ጭኖ ከእንጦጦ ሲወርድ ፍሬኑ ግሎ አልይዝ አለው። በእጅ ፍሬን እንደምንም ገደሉ አፍ ላይ አቆማት።

ጋሽ ሙዘይን አዩዋትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይሄ ፍሬን ለሜዳ ነው ወንድሜ። ከትልቅ መኪና የወጣ ሰፊ ዲስክ አለኝ፣ እሱን እገጥምልሃለሁ። የምፈራው ይሄን ጌጠኛ ቸርኬህን ነው... ትልቁን ፍሬን እሺ ብሎ ላያስገባ ይችላል።"

ሲሞን ተሰናብቶ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ከሥራ ሲመለስ ገበያው መሀል ቀጥ አለ።

ቁልፉ!!

ከመኪናው ቁልፍ ጋር አብሮ የታሰረ ሌላ ቁልፍ አለ። እንጦጦ ጥግ ያለች የአንዲት ጭቃ ቤት ቁልፍ... ቅዳሜ ቅዳሜ ሃያ ጴንጤዎች ድምፃቸውን ቀንሰው የሚዘምሩባት ቤት።

ያ ቁልፍ ቀበሌ እጅ ከገባ ሃያውም ታሰሩ ማለት ነው።

እየሮጠ ተመለሰ። ከመግባቱ በፊት ግን በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ አጮለቀ።

ጋሽ ሙዘይን ከኪሳቸው የሆነ ነገር አወጡ... በመዳፋቸው አሹት...

ሰም ነው።

ቁልፎቹ ደግሞ እዚያው አጠገባቸው፣ ድንጋይ ላይ!

ቁልፍ በምን እንደሚቀዳ የማያውቅ አለ?

ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ መጣ። ሁለቱም ከመኪናዋ ጀርባ አጎነበሱ። ቆይተው ሲነሱ ጋሽ ሙዘይን የተጨፈለቀውን ሰም በጋዜጣ ጠቅልለው ለሰውዬው ሰጡት።

"ከበበ፣ ልኩን እንዳትስት" አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ። "ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ሞልቶ እንጦጦ ይወጣል። ትንሽ ከሳትን... ሰዎቹ አለቁ።"

ቁልፉ ተቀዳ! ሲሞን ከአጥሩ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ቅዳሜን ያውቃሉ... እንጦጦንም ያውቃሉ!

በቀጥታ የጸሎት ቤቷ ባለቤት እትዬ ዘውድነሽ ዘንድ በረረ።

"ጓጉንቸሩን ዛሬውኑ ይቀይሩት! ሙዘይን ጆሮ ጠቢ ነው።"

ልብ በሉ... "ጋሽ" የምትለዋ ቀርታለች።

እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? አላቆመም። በማግስቱ ለአንድ የሚያውቀው ሹፌር "ለአንተ ብቻ ልንገርህ" አለው። ለሁለተኛውም "ለአንተ ብቻ"። ለሦስተኛውም...

ሐሙስ ደረሰ። ሲሞን ነፍሱን በእጁ ይዞ ጋራዡ ገባ።

ፊያቷ በክሪክ ተነስታ ቆማለች። ጋሽ ሙዘይን ጎማዋን በእጃቸው አሽከረከሩት። ያለ አንዳች ድምፅ ዞረ።

"ሰኞ አዲሱን ፍሬን ስገጥም ይፋጭ ነበር" አሉ። "ቸርኬው ከውስጥ በኩል ፍሬኑን ይነካዋል። በዓይን አይታይማ! ፍሬኑ ላይ ሰም ለጥፌ ቸርኬውን ገጥሜ ሳዞረው ሰሙ ተፋቀ። ቶርኖ ቤት ብረት የሚቀርጸው ከበበ በሰሙ ልክ አስልቶ ቸርኬውን ወደ ውጭ ገፋ የሚያደርግ የብረት ቀለበት ሠራልኝ።"

ሲሞን ወደ ጎማው ተጠጋ።

"የ... የፍሬን ሰም ነው?"

"ታዲያ የምን ይሆናል?"

ከዚያ ግራ ቀኝ አይተው ተጠጉት።

"ወንበሩ ስር የመዝሙር መጽሐፍ አገኘሁ። ሌላ ሰው ሳያየው ከትርፍ ጎማው ስር ደብቄልሃለሁ። እኔ እስላም ነኝ፣ አምላኩን የሚለምን ሰው አላሳስርም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ሞልተህ ወደ እንጦጦ ስትወጣ አይሃለሁ፤ ስትወርድ የጫንከው ሰው ሁሉ በሰላም ቤቱ ይግባ ብዬ ነው የለፋሁት።"

ሲሞን ዓይኑን ሊያሸሽ ግቢውን ቃኘ። ከእሱ ፊያት በቀር አንድም መኪና የለም።

"ሰሞኑን ምን እንደነካው እንጃ" አሉ ጋሽ ሙዘይን እጃቸውን እየጠረጉ። "ደንበኛው ሁሉ ጠፋብኝ..."

ሲሞን ሒሳቡን ከፍሎ፣ ቁልፉን ተቀብሎ ወጣ።

ቅዳሜ ከእንጦጦ ሲወርዱ የሲሞን እግር ፍሬኑን ገና ሲነካው መኪናዋ ቀጥ ትላለች።

"ተመስገን!" አሉ ከኋላ የተቀመጡት እትዬ ዘውድነሽ። "ከዚያ ከጆሮ ጠቢው አውጥተህ የት ወስደህ አሠራሃት?"

ሲሞን መኪናዋን ዳር አስያዘ። መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

"እሳቸው ናቸው የሠሩልኝ..." አለ። "ጋሽ ሙዘይን ናቸው።"

ሰኞ ጠዋት ሹፌሮቹን አንድ በአንድ ዞረ። "ተሳስቼ ነው፣ ሰውዬው ንጹሕ ሰው ናቸው!" አላቸው።

የመጀመሪያው ሹፌር በሐዘኔታ አየው። ድምፁንም ቀነሰ።

"ገባኝ... አስፈራሩህ አይደል? አይዞህ፣ ለማንም አልናገርም።"

ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም...

ሁለት ወር ሳይሞላ የጋሽ ሙዘይን ጋራዥ ተዘጋ። ማን ስማቸውን እንዳጠፋው ሳያውቁ ሰፈሩን ለቀው ወደ ከተማው ጫፍ፣ ወደ ካራ ሄዱ።

ወዳጆቼ... ጋሽ ሙዘይን ስለ ሲሞን የሚያውቁት ሁሉ እውነት ነበር፣ ዝም አሉ። ሲሞን ስለ ጋሽ ሙዘይን የሚያውቀው አንድም እውነት አልነበረም፣ ተናገረ። ያየነውን ሁሉ ገባን ብለን አፋችንን ከመክፈታችን በፊት "ይሄ ሰም የምን ነው?" ብለን ባለቤቱን እንጠይቅ። ጥያቄው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ የጠፋን ስም መመለስ ግን ዕድሜ ልክም ላይበቃ ይችላል።

እስቲ ንገሩኝ... እናንተ ሲሞንን ብትሆኑ ካራ ድረስ ሄዳችሁ "ስምዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ" ትሏቸው ነበር? ወይስ እንደ እሱ ዝም? ከልባችሁ መልሱልኝ 👇