በር ላይ የሚቀር ትምህርት

ፋብሪካችን የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናውን በቺፕ ጭንቅላታችን ውስጥ ነው የሚጭንልን። የድርጅቱ ንብረት ነዋ! ከሥራ ስንወጣ በሩ ላይ ይጠፋል፤ ስንገባ ይመለሳል።

ባለፈው እሁድ ምሳ ላይ ባለቤቴን ዘርጋውን በእጄ አጎረስኩት፤ ሥጋው አነቀው። ከዚያ በፊት ሐሙስ ዕለት ሥራ ቦታ እንዲሁ ምግብ ያነቃትን ጓደኛዬን አድኜ ነበር። ልጃችን ትርንጎ፣ "እማዬ፣ አንቺ እኮ ታውቂበታለሽ!" እያለች ትጮኻለች። እጄን የት ላሳርፍ? ውሃ አፉ ላይ ደፋሁበት። ስሙን ጠራሁት። ማዕዱ ሳይነሳ እጄ ላይ ሞተ።

ዛሬ ከሐዘን ፈቃድ ተመልሼ የፋብሪካውን በር እንዳለፍኩ ሁሉም መጣልኝ፤ ከኋላው መቆም፣ ከእምብርቱ በላይ መጨበጥ፣ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሳብ። ዘበኛው እያየኝ ባዶውን አየር አቅፌ ሳብኩ፤ ደግሜ ሳብኩ።