የሰኔ ሚካኤል ገጽ

ሐይቁ ዳር ቆሞ በሌሊት ለጀልባዎች አቅጣጫ ያሳይ የነበረው የመብራት ማማ ሙዚየም በሆነ ጊዜ የቀድሞው ጠባቂ አስጎብኚ ሆነ። መስታወት ውስጥ የተቀመጠውን የድሮ መዝገቡን እያሳየ፣ «በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ መብራቱ አንድ ሌሊት እንኳ ሳይበራ አላደረም» ይላል። ጎብኚው ያጨበጭብለታል።

አንድ ቀን ሌሎቹ ሲወጡ አንዲት ባልቴት ወደ ኋላ ቀረች።

«ወንድሜ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የሰባ አምስትን የሰኔ ሚካኤል አንብብልኝ» አለችው። «ባሌ አንዳርጌ ጀልባውን ከቋጥኝ ያላተመው ያን ሌሊት ነው። ስድስት ሰው ይዞ ሰጠመ። ጠጥቶ ነው ብለው አገሩ ሁሉ ረገመው፤ እኔም አምኜ ተዝካሩን እንኳ አላወጣሁለትም። ሰሞኑን ግን አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ፣ መብራቱ ጠፍቶ ነበር አለኝ።»

አስጎብኚው መስታወቱን ከፈተ። ገጹን ፈልጎ ጣቱን ቀኑ ላይ አሳረፈ።

«ሰኔ አሥራ ሁለት። መብራቱ እስኪነጋ በርቷል» ብሎ አነበበላት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ገላገልከኝ» አለች ባልቴቷ። «እንግዲያው ይበለው።»

ደረጃውን ወርዳ እስክትጨርስ ጣቱን አላነሳም። ከላይም ከታችም ባሉት መስመሮች ላይ በራሱ እጅ «በርቷል» ተብሎ ተጽፏል። ከጣቱ ሥር ግን ከቀኑ በቀር ምንም አልተጻፈም።