ሰባታሚት ልቅሶ አለ

ምናሴ ሁለተኛ ዲግሪ ሊማር ከቆላ ድባ ወደ ባሕር ዳር ሲመጣ አገሩ በሽኝት ነው የላከው። ያስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት በግ አርዶ፣ ነጭ ጋቢ አልብሶ፣ «ዶክተር ሆነህ ተመለስ» ብሎ መርቆታል። ምርቃቱ ከመርዘሙ የተነሣ አውቶቡሱ ሞተሩን አጥፍቶ ተኛ። እንግዲህ ይህ ሰው በሳምንቱ ተባርሮ ቢመለስ፣ የተበላው በግ ራሱ ተነሥቶ ይስቅበታል።

ገና ክፍል ሳይገባ፣ አንድ እንኳ ጓደኛ ሳያውቅ፣ የምርምር ዘዴ የሚያሠለጥኑት ዶክተር እሌኒ ስልክ ደወሉለት።

«ሐሙስ ሰባታሚት ልቅሶ አለ» አሉት። «ድንኳን ታያለህ። ገብተህ ከለቀስተኛው ጋራ ተቀመጥና ሰዉን አጥና። ተማሪነትህ የታወቀ ዕለት ግን እኔ ዘንድ አትምጣ፤ ወደ ቆላ ድባህ ነው። ሰኞ ያየኸውን ትነግረናለህ። ጥያቄ አለህ?»

«የለኝም፣ ዶክተር።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ምንም የለኝም።»

ዶክተር እሌኒ በረዥሙ ተነፈሱና ዘጉት።

ሐሙስ ጠዋት ምናሴ የሽኝት ጋቢውን ተከናንቦ፣ በጋቢው ጫፍ ግማሽ ቀይ ሽንኩርት ቋጥሮ፣ በባጃጅ ሰባታሚት ደረሰ። እንባ እንደ ዘመድ ነው፣ ሲፈልጉት አይገኝም፤ ሽንኩርት ግን ታማኝ ነው።

ድንኳኑ ከመንገዱ ዳር ሜዳ ላይ ተተክሏል። ውስጡ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል።

«እግዜር ያጽናችሁ» አለ ምናሴ።

«አንተንም ያጽናህ» አሉት ሁሉም ባንድ አፍ።

ችግሩ፣ ሟቹ ማን እንደሆነ አያውቅም። ወንድ ይሁን ሴት፣ ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ። ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ ያንን መጠየቅ ደግሞ «ሌባ ነኝ፣ ያዙኝ» ማለት ነው። ስለዚህ «እሳቸው» እያለ ከአክብሮት ጀርባ ተሸሸገ።

«ደግ ነበሩ» ብሎ ጀመረ።

ከጎኑ የተቀመጠው፣ ገድሉ የሚሉት ባለ ጢም ጎልማሳ፣ በጎሪጥ አየው። «ደግ ብቻ? እንግዳ ሲወዱ።»

«እኔንማ እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ» አለች እናትዓለም የምትባል ደልደል ያለች ሴት፣ ጩኸቱንም ለቀቀችው። ያ ሁሉ እንባ ዓባይ ቢገባ ድልድይ ይዞ ይሄድ ነበር። ይቺስ የቅርብ ሰው ናት ብሎ ምናሴም ሽንኩርቱን አሽትቶ አብሯት አነባ።

መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ተነሥተው ጸሎት ጀመሩ። ድምፃቸው ጣና ውስጥ ያሉ ገዳማት ድረስ ይሰማል። የሟቹ የክርስትና ስም ጋ ሲደርሱ ግን ሳል ያዛቸው። ከመጀመሪያው ደገሙት፤ እዚያው ቦታ ላይ ሳላቸው ተመልሶ መጣ። «ሐዘን ነው፤ አንጀት ይቆርጣል» አለ ምናሴ በልቡ።

ድንኳኑ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ወጥ እየተቁላላ ነው ብሎ ሆዱን አዘጋጀ፤ የመጣው ግን ንፍሮ ብቻ ነው።

በመንገዱ የሚያልፉ የመንደሩ ሴቶች ቆም እያሉ አዩዋቸው። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ተደጋግፈው ሄዱ። የሰባታሚት ሰው ሐዘን እንዲህ መጽናቱ ምናሴን ገረመው።

ሌላም የገረመው ነገር ነበር። የዚህ አገር ሰው ፊኛው አይችልም። አንዱ ከድንኳኑ ጀርባ ሲመለስ ሌላው ይነሣል። ምናሴ ራሱ ያየውን በስልኩ ሊቀዳ ሽንት አሳቦ ወጣና ይኸንኑ በሹክሹክታ ቀዳ፦ «ውኃቸው ይመርመር።»

ዞር ሲል ገድሉ ቆሟል።

«አንተ ለእሳቸው ምናቸው ነህ?» አለው ገድሉ።

ቆላ ድባ ከነበጉ በምናሴ ዓይን ላይ ዞረች። «የአክስታቸው ልጅ ነኝ። በእናታቸው በኩል።»

ገድሉ ጢሙን ዳሰሰ። «እኔስ በእናታቸው በኩል አይደለሁ? እንዴት ሳላውቅህ ቀረሁ?»

«አገር ውስጥ አልነበርሁም።»

«አሃ» አለ ገድሉ። ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ ምናሴን አየ፣ ሳይደውል መልሶ ከተተው።

ይህ ሰው ነቅቶብኛል አለ ምናሴ። ዓርብም ቅዳሜም እንቅልፍ እምቢ አለው። እሑድ ትንሽ ቢያሸልበው በጉ በሕልሙ መጣ።

ሰኞ ጣና ዳር ካለው የመማሪያ አዳራሽ ሲደርስ እግሩ ደጃፉ ላይ ተተከለ። ፊት ለፊት ገድሉ ተቀምጧል። ከኋላው እናትዓለም። ከጥጉ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት፣ ዛሬ ሳላቸው ጠፍቶ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው አንድ ሳይቀር መጥቷል፤ ማንም ማንንም ቀና ብሎ አያይም።

«ቤተሰቡ ነቅሎ ሊከሰኝ መጣ» አለ ምናሴ በልቡ።

ከመባረር ይቅርታ መለመን ይሻላል። ጋቢውን አደግድጎ ሄዶ ከገድሉ እግር ሥር ተደፋ።

«ይማሩኝ ጋሼ። ዘመድዎ አይደለሁም። ተማሪ ነኝ። ሐዘንዎ ላይ ቀለድሁ።»

ገድሉ እግሩን ሰበሰበ። እናትዓለም ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ያን ጊዜ ዶክተር እሌኒ ገቡ። የተጠቀለለ ድንኳን ከነካስማው ለሁለት ሰው አሸክመው ከሰሌዳው ሥር አስቀመጡና የእጃቸውን አቧራ አራገፉ።

«እንዴት አደራችሁ ተማሪዎቼ» አሉ፤ «ከእናንተ መካከል፣ የሞተው ማን ነው ብሎ የጠየቀ እጁን ያውጣ።»