ከፋሲካ ወዲህ

ከከተማው በላይ ባለው የሐኪም ተራራ ዳገት ላይ፣ የልብ ምት የሚለካው የእጅ ሰዓቷ ሲጮህ ባርኮት ሩጫውን ትታ በእርጋታ መራመድ ጀመረች። ራስ ዳሽንን ለመውጣት ሦስት ወር ነበር የቀራት። አሠልጣኟ የልብ ምቷ በደቂቃ ከአንድ መቶ አርባ እንዳያልፍ አስጠንቅቋታል፤ ለተራራ የሚሆን ጉልበት የሚጠራቀመው በዝግታ ነው ብሏታል።

አብረዋት የወጡት አባቷ፣ ጡረተኛው ወታደር አቶ አባይነህ፣ ቀድመዋት ሄደው ወደ ኋላ ዞሩ።

"ገና ግማሹ ሳይደረስ ደከመሽ? እኔ በስድሳ አምስት ዓመቴ መቼ ቆምኩ?"

ባርኮት ደረሰችባቸውና ሰዓቱን ፈትታ በእሳቸው እጅ ላይ አሰረችው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ቁጥሩ አንድ መቶ ሰባ አንድ አለ፤ ቆመው ሲጠብቁም አልወረደም። ያን ጊዜ ነው ከንፈራቸው መገርጣቱን ያስተዋለችው።

"አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

አቶ አባይነህ ዓይናቸውን ቁልቁል ወደ ከተማው መለሱ።

"ከፋሲካ ወዲህ። ብቻሽን እንዳትወጪ ብዬ ነው አብሬሽ የመጣሁት... ለእናትሽ እንዳትነግሪ።"

"ከታች ባጃጅ ይዘን ሆስፒታል እንሄዳለን። ለእናቴ እርስዎ ራስዎ ይነግሯታል።"

ክንዷን ዘረጋችላቸው። ሰው መደገፍ የማይወዱት አባቷ ድንጋይ ላይ ጥቂት አረፉና፣ ክንዷን አጥብቀው ይዘው ተነሱ።