ቀዩ ክኒን ያጋለጠው ሰው

በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ፣ ከካዛንቺስ ክሊኒክ ሠላሳ ቀያይ ክኒኖች ጠፉ።

ጣሊያኖቹ የሰፈሩን ቤቶች ገና እየገነቡ ነበር። ክኒኑም እንደ ቤቶቹ አዲስ ነው። መግል የያዘ ቁስል በሳምንት ያደርቃል፤ እንዲህ ያለ መድኃኒት ደግሞ ለጣሊያን እንጂ ላገሬው ሰው አይታዘዝም።

የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ያለው በድሬሰሩ በተከስተ እጅ ነው። ሥራው ቁስል ማጠብና መጠቅለል ነው። የፖሊሱ አለቃ ማሬሻሎ ብሩኖ አንገቱን ይዞ፣ «ክኒኑ ጫካ ላሉት ሽፍቶች ደርሷል! እስከ ማክሰኞ ሌባው ካልተገኘ አንተን ነው ሶማሌ በረሃ የምልክህ» አለው። እዚያ ከተላኩት የተመለሰ የለም። ተከስተ ደግሞ ካገባ ገና አራት ወሩ ነው፤ ምስኪን!

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሸዋዬ እንደ ሁልጊዜው የሳምንቱን ልብስ አጥባ ታሰጣለች። ነጩ ጋውኑ ገመዱ ላይ ይንጠባጠባል።

«ቁልፉ እኮ ከጋውኔ ኪስ ወጥቶ አያውቅም!» አላት ሊያለቅስ ምንም ሳይቀረው።

«አይዞህ። የክሊኒኩ ዶክተርስ ምን አለ?»

«እሱ መላ አግኝቷል። ክኒኑን የዋጠ ሰው ሽንቱ ይቀላል። ማክሰኞ ጠዋት የክሊኒኩ ወንድ ሁሉ በብርጭቆ ሊሸና ነው።»

ሸዋዬ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። «በስማም! ሌላስ ምን ያደርጋል?»

«ያስመልሳል፣ ራስ ያዞራል። ከንፈር ከጠቆረ ግን ደም ነክቷል ማለት ነው፤ ይገድላል።»

«ማሳከክ ብቻ ከሆነስ?»

«ማሳከኩ ያልፋል፤ ውሃ በብዛት መጠጣት ነው። ጀምሮ ማቋረጥ ግን የለም፣ ቁስሉ ብሶበት ይመለሳል። ምነው፣ ሐኪም ልትሆኚ ነው?»

«ካንተ ጋር ሌላ ምን ወሬ አለ? ትናንት መርፌ፣ ዛሬ ክኒን!» ከዚያ ቆጣ ብላ፣ «ያ ማሬሻሎህ ራሱን ለምን አይመረምርም? ምግቡን የምሠራለት እኔ አይደለሁ? ሴት ካየ አያልፍም። አለቃ ይቅደም በሏቸው፤ መቼም ታላቅ ሳይቀድም እናንተ ልትቀድሙ ነው?» አለችው።

ተከስተ በዚያን ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። እውነትም ማሬሻሎው ከሰዓት ከሰዓት ክሊኒኩ እየመጣ ከዶክተሩ ጋር በር ይዘጋል። ሲወጣ ቀበቶውን እያጠበቀ ነው።

ሸዋዬ የወንድሟን የወዳጆን ምሳ አንጠለጠለች። ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ብቻውን ነው የሚኖረው። ትልቅ ቅል ውሃም ያዘች።

«ወንድምሽ ዛሬም ኮሶ ነው እንዴ?» አሏት ጎረቤቷ ወይዘሮ ወለተማርያም ካጥሩ ማዶ።

«አዎ እትዬ፣ ኮሶ ጠጥቶ ተኝቷል።»

«እግዜር ያሽረው!» አሉ። ኮሶ የጠጣ ሰው ቤት ዘው ተብሎ አይገባም። ወይዘሮ ወለተማርያምም ያቺኑ ብለው ወደ ጓዳቸው ተመለሱ።

ሰኞ ማታ ሸዋዬ የማሬሻሎውን ፓስታ አቀረበችና እግሩ ላይ ወደቀች። «ጌታዬ፣ ባሌ ንጹሕ ነው፤ ይማሩት!»

«ነገ ብርጭቆው ይናገራል» አለ እየጎረሰ። «ደግሞ ሱጎው ምን ሆነ? ይመራል።»

«ቲማቲሙ ነው ጌታዬ፣ ሳይበስል ቀጥፈውት።» የቀሉ ጣቶቿን በሽርጧ ጠረገች። ማሬሻሎው እያጉረመረመም ቢሆን ሳህኑን ጠርጎ በላ።

ማክሰኞ ጠዋት አሥራ አንድ ወንዶች ብርጭቆ ብርጭቆ ይዘው ግቢው ውስጥ ተሰለፉ። ማንም ግን ንቅንቅ አላለም። ዘበኛው አቶ ደጋጋ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «አለቃ ቆሞ እኛ እንቅደም? ነውር አይደለም እንዴ? ያሳደጉን እንዲህ አይደለም» አሉ።

ተከስተ ክው አለ። ያ የሸዋዬ ቀልድ ነበር፤ ለአቶ ደጋጋ ትናንት ሲያጫውታቸው እንዲህ ከልብ ይይዙታል ብሎ አላሰበም።

«ይቅደሙ! ይቅደሙ!» አለ ሰልፈኛው ሁሉ።

ነገሩ ሲተረጎምለት ማሬሻሎው ደረቱን ነፋ። «በመጨረሻ ሥርዓት ገባችሁ!» አለና ብርጭቆ ይዞ ከቆርቆሮ አጥሩ ጀርባ ሄደ።

ቆየ። በጣም ቆየ። ሲመለስ ብርጭቆውን በኮቱ ጋርዶ ነበር።

«ወዲህ በለው» አለ ዶክተሩ።

ብርጭቆው ውስጥ ያለው የቲማቲም ጭማቂ ይመስላል። አቶ ደጋጋ አማተቡ። ከዚያ ከሰልፉ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፣ ግቢውም በሳቅ ተናወጠ።

«ጨብጡ ካገረሸብህ ለእኔ አትነግረኝም? መስረቅ ምን አመጣው?» አለ ዶክተሩ። ማሬሻሎው በማዶና ማለ፣ በእናቱ ማለ። የሰማው የለም። የአሥራ አንዱ ብርጭቆ ጥርት ያለ ነበር።

ዓርብ ዕለት ማሬሻሎውን ከነሻንጣው በካሚዮን ጭነው ወደ አስመራ ሸኙት። ተከስተ ቁልፉን በክብር ተረከበ፤ በደስታም ለሚስቱ አዲስ ሻሽ ገዛላት።

እሑድ ሸዋዬ አዲሱን ሻሽ አስራ ኡራኤል ወረደችና የወንድሟን በር ከውስጥ ቀረቀረች። ወዳጆ ጥይት የበሳውን ጭኑን ገልጦ፣ የደረቀውን ቁስል አሳያትና፣ «ሸዋዬ፣ ሃያ ሰባት ብቻ እኮ ነው የዋጥኩት፤ ሦስቱ የት ገቡ?» አላት።

«ማሬሻሎው በሱጎ በላቸው።»