እንቅልፍ ያጣው ሰፈር

ጆሴፍ በጎጆው በር አጎንብሶ ወደ ውስጥ ሲያይ ወሽመጡ ቁርጥ ይላል። አክስቱ ኛዋል ምንጣፏ ላይ በጀርባዋ ተዘርራ፣ አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች። ከኋላው አለቃው ስንታየሁ የቀትሩን ላብ በመሐረብ እየጠረገ ቆሟል።

"እኚህ ናቸው?" ይላል ስንታየሁ።

"እሷ ናት ጋሼ።"

"ዓይናቸውን ሳይከድኑ ያነጋሉ ያልከኝ?"

"አዎ። እሷው ናት።"

ስንታየሁ ከአዲስ አበባ የመጣ የመድኃኒት አስመጪ ድርጅት የሽያጭ ኃላፊ ነው። ድርጅቱ አዲስ የእንቅልፍ ኪኒን አስገብቷል፤ እንቅልፍ ማጣት አብዝቶ የሚያጠቃው የትኛው የኅብረተሰብ ክፍል እንደሆነ ቀድሞ ለይቶ ገበያውን መያዝ ይፈልጋል። ጆሴፍን ለጋምቤላ በሙከራ የቀጠረው ለዚሁ ነው። የእርዳታ ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ ከሥራ ከወጣ ወዲህ ጆሴፍ ያገኘው እንጀራ ይህ ብቻ ነው። ዛሬ አለቃው በዓይኑ አይቶ ካመነ ቋሚ ይሆናል፤ ካላመነ ወንድሙ ዘንድ ባሮ ወንዝ ዳር ሄዶ የዓሣ መረብ መጎተት ነው።

ጆሴፍ ፈልጎ ያገኘው ሕዝብ ደግሞ እንከን አይወጣለትም። በጀዊ መጠለያ ጣቢያ በዚህ የጎጆ ረድፍ የሚኖሩት ሁሉም ሴቶች፣ ሁሉም በዕድሜ የገፉ፣ ሁሉም ከደቡብ ሱዳን ተሰደው ልጅ የጠፋባቸው ናቸው። መግዣ ባይኖራቸውም የሚገዛላቸው ድርጅት አይጠፋም። ሌሊት ትተኛላችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው ሁሉም አንተኛም አሉት፤ እሱም አፉን ሞልቶ ለአዲስ አበባ ተናገረ። በቀንስ ትተኛላችሁ ወይ ብሎ መጠየቅን ማን አስቦት!

ስንታየሁ ወደ ጎረቤቱ ጎጆ አንገቱን አስግጎ ያያል። እዚያም አንዲት ሴትዮ እንቅልፍ ጥሏታል። ከዚያ በሚቀጥለውም እንዲሁ።

"ጆሴፍ፣ እኛን ቀድሞ እዚህ ሰፈር ኪኒን የሸጠ አለ እንዴ?"

ጆሴፍ ግራ ይገባዋል። ዋሸችኝ እንዳይል አክስቱ ናት፤ ታማለች እንዳይል ይሄ የጤነኛ እንቅልፍ ነው። እግሯን ነካ አድርጎ በኑዌርኛ ይቀሰቅሳታል።

"አክስቴ፣ ሌሊት አልተኛም አላልሽኝም?"

"አልተኛም" ትላለች ኛዋል፣ ዓይኗን እያሻሸች ቁጭ ብላ።

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

"ይሄማ ቀን ነው።" የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቃት ሁሉ ታየዋለች። "ሌሊት ከተኛሁ ለጋትቤል ማን ይመልስለታል?"

ጋትቤል ልጇ ነው። ከአጎቶቹ ጋር ሆኖ፣ እዚያ የቀሩ ከብቶቻቸውን ሊፈልግ ድንበር ተሻግሮ ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። በዚህ ሰፈር ሌሊት የመጣ ሰው በር አይመታም፤ ከአጥር ውጭ ቆሞ ይጣራል። የሚመልስለት ካጣ ቤቱ ባዶ ነው ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ጆሴፍ ወጉን አብሮት አድጎ ያውቀዋል፤ ከኪኒን ጋር አገናኝቶት አያውቅም እንጂ።

"ምን አሉ?" ይላል ስንታየሁ።

"ሌሊት አትተኛም።" ውሸት አይደለም።

የስንታየሁ ፊት ይፈካል። ከቦርሳው ለናሙና ከያዘው አንዲት ኪኒን አውጥቶ መዳፏ ላይ ያስቀምጥላታል። "ማታ ሊተኙ ሲሉ ይዋጧት በላቸው" ብሎ፣ ስልኩ ኔትወርክ ያገኝ እንደሆነ ወደ በሩ ፈቀቅ ይላል።

ኛዋል ጆሴፍ የነገራትን ሰምታ ኪኒኗን ታገላብጣለች። "እሺ፣ እውጣታለሁ" ትላለች። "ግን አንተ ዛሬ እዚህ እደር። ሲጣራ መልስለት።"

"አድራለሁ።"

"ድምፁን ታውቀዋለህ?"

ጆሴፍ ያስባል። ጋትቤል ሲሄድ ልጅ ነበር፤ ድምፁ ገና አልጎረነነም። አሁን በሕይወት ካለ ጎልማሳ ሆኗል። "አላውቀውም" ይላል። "አንቺስ?"



"እኔም አላውቀውም" ትላለች ኛዋል። "ለዚህ እኮ ነው ለተጣራው ሁሉ የምመልሰው።"

ጆሴፍ ይሄ በሽታ ነው እንዳይል የት ጋ እንደሚያማት አያውቅም፤ በሽታ አይደለም እንዳይል የልጆቹ እንጀራ አለበት። ኛዋል እጁን ስባ ኪኒኗን መልሳ ታስጨብጠዋለች። ከዚያ ጋደም ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስባለች፤ ወዲያውም ማንኮራፋት ትጀምራለች።

ስንታየሁ ከስልኩ ቀና ሲል ይህን ያያል።

"አሁኑኑ ዋጧት? ማታ አላልኩም?" ይላል በሹክሹክታ። ከዚያ ጠጋ ብሎ ያያትና መሳቅ ይጀምራል። "ጉድ እኮ ነው! እንዲህ በአንዴ! ጆሴፍ፣ በቃ፣ ከነገ ጀምሮ ቋሚ ነህ።" ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወደ መኪናው ይወጣል።

ጆሴፍ ደስ ሊለው ሲገባ ደስ አላለውም። ኪኒኗ ጭብጡ ውስጥ በላቡ መሟሟት ጀምራለች።

ከሸምበቆው አጥር ውጭ ስንታየሁ ይጣራል። "ጆሴፍ! ና እንጂ!"

ጆሴፍ አፉን ከመክፈቱ በፊት ኛዋል ከነእንቅልፏ ትመልሳለች።

"አለሁ፣ ልጄ" ትላለች። "ግባ።"